የጌታችን የሕይወት ታሪክ ከወንጌል፣ ከተአምራት መጻሕፍትና ከፊልም ተቀላቅሎ ሲመጣ ለልጆች እንዴት ይነገር?

ጥያቄ — ከጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ከአሥር እስከ አሥራ አራት ዓመት የሚሆናቸውን ልጆች አስተምራለሁ። የዘንድሮው ትምህርታችን የጌታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የምድር ሕይወት ከብሥራተ ገብርኤል እስከ ዕርገት በቅደም ተከተል መተረክ ነው። ሥራው የከበደኝ ልጆቹ ታሪኩን ስለማያውቁት ሳይሆን፣ ብዙ ስለሚያውቁና ያወቁትን ሁሉ ከአንድ ምንጭ እንደ ተቀዳ አድርገው ስለሚቆጥሩት ነው።

በቅርቡ ‹‹ስለ ጌታችን ሕይወት ከምታውቁት አንድ ታሪክ ጻፉ፤ ከየት እንዳገኛችሁትም አመልክቱ›› ብዬ አዝዣቸው ነበር። አንድ ልጅ ሕፃኑ ኢየሱስ ከጭቃ ወፎችን ሠርቶ እፍ ቢልባቸው እንደ በረሩ ጽፎ፣ ከጽሑፉ ሥር ወፎቹን በእርሳስ ስሏቸዋል፤ ግማሾቹ ገና መሬት ላይ የተቀመጡ ጭቃ ናቸው፣ ግማሾቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ከገጹ ጠርዝ ሊወጡ ደርሰዋል። አንዲት ልጅ ደግሞ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ጥጦስና ዳክርስ የሚባሉ ሽፍቶች መንገድ ላይ እንዳገኟትና እነዚያው ሁለቱ ኋላ በጌታ ቀኝና ግራ እንደ ተሰቀሉ አሳምራ ተርካለች። ሌላው ልጅ ጌታ ከተገረፈ በኋላ የጲላጦስ ሚስት ለእመቤታችን ነጭ ጨርቅ እንደ ሰጠቻት፣ እመቤታችንም በዚያ ጨርቅ ደሙን ከመሬት እንደ ጠረገች ጽፏል። ሦስቱም ምንጩን ‹‹ከወንጌል›› ብለዋል።

ወፎቹን የሳለውን ልጅ ለብቻው ጠርቼ ታሪኩን ማን እንደ ነገረው ስጠይቀው፣ ቡና ሲፈላ ከጎረቤታቸው ከአንዲት ሙስሊም እናት እንደ ሰማው ነገረኝ። ወሎ ለተወለደ ሰው ይህ የሚደንቅ ነገር አይደለም፤ ለልጁ ምን ብዬ እንደምመልስለት ግን አሳስቦኛል። አብረውኝ ከሚያገለግሉት አንዱ ከአራቱ ወንጌሎች ውጭ ያለውን በሙሉ ተዪው ይለኛል፤ ሌላዋ ትውፊትን ከመጽሐፍ እየለዩ ማቅረብ የልጆችን እምነት ያናጋል ትላለች። እነዚህ ታሪኮች ከየት ከየት የመጡ ናቸው? ለልጆችስ በምን ዓይነት አነጋገር ቢቀርቡ ይሻላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ — ዘላስታ

እኅታችን፣ ያነሡት ጉዳይ ልጆችን የሚያስተምር ሁሉ የሚገጥመው ነው። እኔ ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁና በአብነት ትምህርት ቤት ከወንጌል ትርጓሜ ጥቂት የቀመስሁ ሰው ስለሆንሁ የማውቀውን ላካፍልዎት። በመጀመሪያ ወንጌላውያኑ ራሳቸው ምን ያህል እንደ ጻፉ መታየት አለበት፤ ሌሎቹ ታሪኮች በአመዛኙ የበቀሉት ወንጌላውያን ዝም ካሉበት ቦታ ነውና።

አራቱ ወንጌሎች የጌታን ሕይወት ዓመት በዓመት የሚዘረዝሩ መጻሕፍት አይደሉም። ከሁሉ አጭር የሆነው ማርቆስ ልደቱን ሳያነሣ በቀጥታ ከመጥምቁ ዮሐንስ ስብከት ይጀምራል፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ደግሞ ‹‹በመጀመሪያ ቃል ነበረ›› ብሎ ከዘመን በፊት ካለው ይነሣል። የልደቱን ነገር በዝርዝር የምናገኘው ከማቴዎስና ከሉቃስ ብቻ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ አንዱ የጻፈውን ሌላው አልደገመውም። ሰብአ ሰገልን፣ የሄሮድስን ቁጣና ስደቱን የጻፈው ማቴዎስ ነው፤ እረኞቹን፣ ግርግሙንና የመላእክቱን ምስጋና የጻፈው ሉቃስ ነው። ከዚያ በኋላ ሉቃስ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው በቤተ መቅደስ ከመምህራን መካከል ተቀምጦ እንደ ተገኘ ይነግረናል፤ ከዚህ አንድ ታሪክ በቀር ‹‹ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት›› ማስተማር እስከ ጀመረበት ጊዜ ድረስ ያለው ዘመን በወንጌል አልተተረከም።

ምእመናን ግን ያንን ዘመን ሳይጠይቁ አላለፉትም። ከ2ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጌታን ሕፃንነት የሚተርክ፣ በሐዋርያው በቶማስ ስም የሚጠራ መጽሐፍ ይነበብ ነበር፤ የጭቃዎቹ ወፎች ታሪክ ከተጻፈባቸው ቦታዎች አንዱና ጥንታዊው ይህ ነው። በዚያ ትረካ ሕፃኑ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ በሰንበት ቀን ከጭቃ አሥራ ሁለት ድንቢጦችን ይሠራል፤ አንድ ሰው ሰንበትን ሻረ ብሎ ለዮሴፍ ይከስሰዋል፤ ሕፃኑም እጁን አጨብጭቦ ሂዱ ሲላቸው ወፎቹ እየጮኹ ይበራሉ። መጽሐፉ ከቅዱሳት መጻሕፍት ተራ አልገባም፤ በቤተ ክርስቲያናችን 81 መጻሕፍት ውስጥም የለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ በተመለሰው በተአምረ ኢየሱስ ውስጥ ተካቶ ወደ እኛ ደርሷል። ተአምረ ኢየሱስ በየአድባራቱ የሚነበብ መጽሐፍ ስለሆነ ልጁ ታሪኩን ከጎረቤቱ ባይሰማው ኖሮ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ሊሰማው ይችል ነበር።

የሽፍቶቹ ታሪክ መነሻው ስደቱ ነው። ማቴዎስ ስደቱን በጥቂት ቁጥሮች ብቻ ሲያልፈው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ጾመ ጽጌ ብላ ሙሉ ወቅት ሰጥታዋለች፤ ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ የምታስበው የእናትና የልጅ መንከራተት በኅዳር 6 በቁስቋም በዓል ይፈጸማል። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር የሚለው የስደት ዘመን፣ የሽፍቶቹ ስምና ከቤተሰቡ ጋር መገናኘታቸው ከትውፊትና ከትውፊት መጻሕፍት የመጡ ናቸው። በወንጌል ከጌታ ጋር የተሰቀሉት ሁለቱ ወንበዴዎች ስም የላቸውም፤ ከሁለቱ አንዱ ‹‹አስበኝ›› ብሎ እንደ ለመነ የጻፈውም ሉቃስ ብቻ ነው። ሦስተኛው ልጅ የጻፈው የነጭ ጨርቅ ታሪክ ግን ከእኛ መጻሕፍት የወጣ ሳይሆን ከፊልም የተወሰደ ነው፤ ስለ እርሱ በፊልሙ በኩል ያለውን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳ ደስ ይለኛል።

ስለ አነጋገሩ የትርጓሜ መምህራኖቻችን የሚያደርጉትን ይከተሉ። አንድ መምህር ወንጌሉን ሲተረጉም በመጀመሪያ ንባቡን ያወርዳል፤ ቀጥሎ ‹‹ሐተታ›› ወይም ‹‹ታሪክ›› ብሎ ከንባቡ ውጭ ያለውን ያመጣል፤ የሚለያየውንም ሐሳብ ‹‹አንድም›› እያለ ያስከትላል። ደቀ መዝሙሩ የትኛው ንባብ፣ የትኛው ሐተታ እንደ ሆነ ሲሰማ ያውቀዋል፤ በዚህም ምክንያት እምነቱ ሲናጋ አላየሁም። ለልጆችም ‹‹ወንጌል እንዲህ ይላል››፣ ‹‹ተአምረ ኢየሱስ እንዲህ ይላል››፣ ‹‹አባቶች በትውፊት እንዲህ ያወርዱልናል›› ብለው እየለዩ ቢነግሯቸው ባልደረባዎ የፈሩት አይደርስም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለምንዘነጋው ትንሽ ልቆይበት። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ሕይወት ለሕዝብ ያስተማረችው በዋናነት በመጽሐፍ ሳይሆን በዘመን አቆጣጠሯና በቦታ ስም ነው። መጋቢት 29 ፅንሰቱን፣ ታኅሣሥ 29 ልደቱን፣ ጥር 11 ጥምቀቱን፣ ነሐሴ 13 ደብረ ታቦርን እናከብራለን፤ የዐቢይ ጾም ሰንበታት ስም ራሱ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ እየተባለ ከወንጌል የተወሰደ ነው። ላሊበላ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ በድንጋይ ተጽፏል። የአብያተ ክርስቲያናቱን ሁለት ወገን የሚለየው ቦይ ዮርዳኖስ ይባላል፤ በውስጡ ከዐለቱ የተፈለፈለ መስቀል ቆሟል። ቤተ ጎልጎታ አለ፣ ቤተ ልሔም አለ፣ ከቤተ ጎልጎታ አጠገብ የአዳም መቃብር አለ። ፊደል ያልቆጠሩት የቀበሌያችን እናቶች የጌታን ሕይወት ቅደም ተከተል የሚያውቁት በእነዚህ ስሞች ነው።

በገና ዕለት ማለዳ ‹‹ቤዛ ኩሉ›› ሲዘመር ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሶቹ ቤተ ማርያምን ከብቦ በቆመው ዐለት አናት ላይ ዙሪያውን ይሰለፋሉ፣ ገሚሶቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። ከላይ ያሉት የመላእክትን፣ ከታች ያሉት የእረኞችን ቦታ ይዘው ‹‹ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ›› እያሉ ሲቀባበሉ የሉቃስ ወንጌል ሁለተኛው ምዕራፍ በሰው ቁመት ቆሞ ይታያል። ልጆችዎን አንድ ጊዜ ይህን ለማሳየት ከቻሉ ከብዙ ትምህርት ይበልጣል።

መልስ — ከወረባቦ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ውይይቱን ሳነብ ልጁ ከጎረቤቱ የሰማው ታሪክ በእኛ በኩል ያለውን ምንጭ መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። ነቢዩ ዒሳ ዐለይሂ ሰላም ከጭቃ በወፍ ቅርጽ እንደሚሠሩ ቁርኣን በሁለት ቦታ፣ በሱረቱ አሊ ዒምራን አንቀጽ 49 እና በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 110 ይጠቅሳል። ዘላስታ በተናገሩት ጥንታዊ መጽሐፍ ልጁ ያጨበጭባል፤ በቁርኣን ግን ይተነፍስበታል። ተማሪዎ ‹‹እፍ ቢልባቸው›› ብሎ ከጻፈ እናቲቱ በትክክል እኛ ዘንድ እንዳለው ነግረውታል ማለት ነው። በቁርኣን ሰንበት፣ ከሳሽ፣ የወፎቹ ብዛትና የልጁ ዕድሜ አይጠቀሱም፤ ተአምሩ ዕውር ሆኖ የተወለደን ከማዳን፣ ለምጻምን ከመፈወስና ሙታንን ከማስነሣት ጋር አብሮ ይነገራል፤ በእያንዳንዱም ላይ ‹‹በአላህ ፈቃድ›› የሚል ቃል ይከተላል። ለእኛ የታሪኩ ትርጉም ያለው በዚያ ቃል ላይ ነው፤ ተአምሩ የነቢዩን እውነተኛነት ያሳያል፣ ኃይሉ ግን የአላህ ነው።

የወላጅ እናቱን ነገር ደግሞ እኛ በሰፊው እናውቀዋለን። ቁርኣን በስሟ የጠራት ብቸኛዋ ሴት መርየም ስትሆን ስሟ 34 ጊዜ ተነሥቷል፤ አንድ ሙሉ ሱራም በስሟ ተሰይሟል። በሱረቱ መርየም ምጥ በያዛት ጊዜ ወደ ዘንባባ ግንድ ትጠጋለች፤ ግንዱን ወዝውዢው፣ የበሰለ ተምር ይረግፍልሻል ትባላለች። ሰዎቹ ሊወቅሷት ሲመጡ ዝም ብላ ወደ ሕፃኑ ታመለክታለች፤ ሕፃኑም ከአንቀልባው ሆኖ ‹‹እኔ የአላህ ባሪያ ነኝ›› ብሎ ይናገራል። እነዚህን አንቀጾች በእስላም ታሪክ ልዩ የሚያደርጋቸው ደግሞ ከአገራችን ጋር የተያያዘ መሆናቸው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በነጃሺ ፊት ያነበቡት ይህንኑ ሱራ እንደ ነበር የታሪክ መጻሕፍት ያወሳሉ።

የማንስማማበትም አለ፤ እርሱን መሸሸግ ለልጁ አይጠቅመውም። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 157 አልገደሉትም፣ አልሰቀሉትምም ይላል፤ ይህ ከእናንተ ስቅለትና ትንሣኤ ጋር የሚራራቅ ነው፤ ልጅ አምላክ ነው የሚለውም እንዲሁ። በወሎ ከአንድ አያት የወረዱ ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመዳሞች በሠርግም በለቅሶም አብረው ሲቀመጡ ይህን ልዩነት ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ለልጁ ‹‹ጎረቤትህ ተሳስተዋል›› ከሚባል ‹‹እርሳቸው የነገሩህ በቁርኣን አለ፤ በአራቱ ወንጌል የለም፤ በተአምረ ኢየሱስ ግን ከእርሱ የሚቀራረብ አለ›› ቢባል እውነት ነው፤ እናቲቱንም አያሳዝናቸውም።

መልስ — ንባብ ይቅደም (ኮምቦልቻ)

የሁለቱንም መልስ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ከአራቱ ወንጌሎች ውጭ ያለውን ተዪው ያሉት ባልደረባዎ ያነሡት ሐሳብ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ብዙዎች ለመጻፍ እንደ ሞከሩና እርሱም ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከትሎ እንደ ጻፈ ይናገራል። ወንጌላዊው ዮሐንስም ያልተጻፈ ብዙ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ የተጻፈው ግን የተጻፈው እንድናምን መሆኑን ይገልጣል። የወንጌላውያን ዝምታ በዕውቀት የሆነ ዝምታ ነው፤ መሞላት ያለበት አይመስለኝም።

ደግሞም በቶማስ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ወፎቹን ብቻ አይደለም የሚተርከው። በዚያው መጽሐፍ ሕፃኑ በትከሻው የገፋውን ልጅ ረግሞ ሲገድለው፣ መምህሩንም ተቆጥቶ ሲጥለው እናነባለን። ይህ ‹‹ይታዘዝላቸውም ነበር›› ብሎ ሉቃስ ከጻፈለት ልጅ ጋር፣ ኋላም የሚሰቅሉትን ይቅር በላቸው ካለው ጌታ ጋር በምን መንገድ ይስማማል? ልጆቹ መጀመሪያ የማርቆስን ወንጌል ከምዕራፍ 1 እስከ 16 ሳያቋርጡ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነው። ያንን ያደረገ ልጅ ከዚያ በኋላ ሌላ ታሪክ ሲሰማ ከወንጌል መሆን አለመሆኑን ራሱ ይለየዋል።

መልስ — ዘላስታ

ስለ እርግማኑ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም ያንን ክፍል ለሕፃናት ንገሩ አልልም። ማርቆስን ጮክ ብሎ ማንበቡም እጅግ ጥሩ ምክር ነው። ሆኖም ልጁ በጽጌ ወቅት ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፤ የስደቱን ዜማ ይሰማል፣ ቤቱ ሲመለስ ስለ ሽፍቶቹ ይጠይቃል። መምህሩ ተወው ቢለው ጥያቄው ስለማይቀር ሌላ መልስ ሰጪ ይፈልጋል፤ ዛሬ ደግሞ ያ መልስ ሰጪ ብዙውን ጊዜ ስልኩ ነው።

መልስ — ከተንታ

የነጩ ጨርቅ ነገር ለእኔ ስለ ደረሰ በዚያ ልጀምር። ልጁ ያየው በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ የጌታን የመጨረሻ ሰዓታት የሚያሳየውን ፊልም ነው። ተዋንያኑ የሚናገሩት በአራማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን ስለሆነ ተመልካቹ በዓይን ምስክር ፊት የቆመ ያህል ይሰማዋል፤ ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ያሉ ብዙ ትዕይንቶች የመጡት ከወንጌል ሳይሆን በ1824 እ.ኤ.አ. ካረፈችው ከጀርመናዊቷ መነኩሲት ከአና ካታሪና ኤመሪክ ራእይ ነው። የጲላጦስ ሚስት ጨርቅ መስጠቷም ከዚያ የተወሰደ ነው። ወንጌል ስለ እርሷ የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በማቴዎስ 27፥19 ሲሆን፣ በሕልም ስለ እርሱ ብዙ መከራ ተቀብያለሁና በዚያ ጻድቅ ነገር አትግባ ብላ ለባሏ ላከችበት ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን እርሷን አብሮቅላ ብላ ከጲላጦስ ጋር ሰኔ 25 ቀን ታስባታለች፤ ስለዚህ ልጁ ስለዚህች ሴት ለማወቅ መጓጓቱ በራሱ ደግ ነገር ነው፤ የሚቀረው ትክክለኛውን ገጽ ማሳየት ብቻ ነው።

በየመንደሩ በፕሮጀክተር ሲታይ የኖረው ሌላው ፊልም ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ከሁለት ሺህ በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች የተመለሰው ነው። እርሱ በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ለንባቡ የቀረበ ነው፤ ሆኖም የጌታን መልክ የሰጠን እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። ልጆች ጌታን ሳሉ ሲባሉ ረጅም ቡናማ ጠጉር ያለው ፈረንጅ የሚስሉት በዚህና በየቤቱ በተሰቀለው የታተመ ሥዕል ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ የሚናገረው አለ። የምኖረው መቅደላ አምባ በሚገኝበት አገር ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲሄዱ ይዘውት ይዘምቱ የነበረው ‹‹ኩርዓተ ርእሱ›› የተባለው የጌታ ሥዕል የመጨረሻ ማረፊያው ይህ አምባ ነበር። የእሾህ አክሊል የደፋውን ጌታ የሚያሳይ ሲሆን፣ የሥዕል ዐዋቂዎች አሣሣሉን አይተው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ነው ይላሉ። በዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን፣ በ1744 እ.ኤ.አ. በስናር ጦርነት ተማርኮ በገንዘብ ተመልሷል፤ ያን ያህል ይወደድ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሰዉበት ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ሥዕሉን ወስዶ ለራሱ አስቀረው። ኋላ በጨረታ ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ፖርቱጋል ደርሷል፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰልንም። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል፤ ምክንያቱም በአገሩ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ለብዙ ዘመን ጌታን በሕማሙ የሣሉት ይህን እያዩ ነበር። በቅጂዎቹ ላይ ከጌታ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰዎች አክሊሉን በዘንግ ሲመቱ ይታያሉ፤ ይህም በማቴዎስና በማርቆስ ያለውን ራሱን በመቃ መታው የሚለውን ነው የሚያሳየው። ልጆችዎን ወደ ደብሩ ግድግዳ ወስደው ይህን ሥዕል ፈልጉ ቢሏቸው አብዛኛውን ጊዜ ያገኙታል።

ሥዕል ማንበብንም ማስተማር ይቻላል። በእኛ ትውፊት ጻድቃን ፊታቸው በሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎናቸው፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ከዚያ ወደኋላ ስንሄድ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን በተጻፉ አንዳንድ የብራና ወንጌሎች የስቅለቱ ሥዕል ላይ ሁለቱ ወንበዴዎች ተሰቅለው ሳለ የጌታ አካል አይታይም፤ መስቀሉ ባዶውን ቆሞ ከበላዩ በግ ተሥሏል። ሥዕሉን ያዩ አባቶች የዮሐንስን ‹‹እነሆ የእግዚአብሔር በግ›› የሚለውን ቃል በልባቸው ይዘው ነበር ማለት ነው። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ሥዕላት ያሉት ወንጌል እንደነበር የታወቀ ነው። በወሎ ምድር የጌታ ሕይወት በሥዕል መነገር የጀመረው ፊልም ከመምጣቱ ሰባት መቶ ዓመት አስቀድሞ መሆኑን ልጆቹ ቢያውቁት መልካም ነው።

ጠያቂዋ — ከጦሳ ግርጌ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የወረባቦው ወንድማችን ስለ ‹‹እፍ›› የጻፉትን ለልጁ ነግሬዋለሁ፤ ጎረቤቱ በትክክል እንደ ነገሩት ሲሰማ በጣም ደስ አለው። ከእንግዲህ ልጆቹ እያንዳንዱን ታሪክ ሲጽፉ በገጹ ራስጌ ወንጌል፣ ተአምር፣ ትውፊት፣ ቁርኣን ወይም ፊልም የሚል ምልክት እንዲያደርጉ ወስኛለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በኮምቦልቻው ምክር ማርቆስን በአንድነት እናነባለን። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ልጆቹ በየቤታቸው ፊልሙን ማየታቸው አይቀርም። ከልክሎ መተው ይሻላል ወይስ አብሮ ማየት?

መልስ — ንባብ ይቅደም (ኮምቦልቻ)

አብራችሁ እዩት እላለሁ፤ ግን የሉቃስን ምዕራፍ 22 እና 23 አስቀድመው ያንብቡ፣ ከዚያም በሉቃስ ላይ የተመሠረተውን ፊልም ያንኑ ክፍል ብቻ አሳይተው በንባቡ የሌለ ምን አያችሁ ብለው ይጠይቋቸው። ይህን ያልሁበት ምክንያት አለኝ። የእሾህ አክሊሉ በማቴዎስ፣ በማርቆስና በዮሐንስ አለ እንጂ በሉቃስ አልተጻፈም። ጌታ ወደ ሄሮድስ መላኩ ደግሞ በሉቃስ ብቻ ነው ያለው። ጎኑ በጦር መወጋቱን የጻፈው ዮሐንስ ብቻ ነው፤ ወታደሩ ለንጊኖስ መባሉና በፈሰሰው ደም የታወረ ዓይኑ መብራቱ ከትውፊት ነው። በዕድሜ ከፍ ያሉት ልጆች ይህን ራሳቸው ፈልገው ያግኙት፤ ትንንሾቹ ግን የግርፋቱን ክፍል ባያዩት ይሻላል፤ እርሱን በንባብ ብቻ ይስሙት።